የሥራ ምርመራና የሰው ክብር
የክፍት ምንጭ አንቀሳቃሽ ፕሮግራሞች የጋራ አሠራር ለምዕራብ ሐረርጌ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

የባልደረባን ሥራ ተመልክቶ ጉድለቱን መግለጽና እንዲታረም ማድረግ ከመምህርነት ሙያ መሠረታዊ ተግባሮች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ተግባር ሰውን ሳያቆስሉ መፈጸም፣ ተቀባዩም ሳይከፋ መቀበል በትምህርት ቤቶች ውስጥ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይደርሳል፤ ወይ ተመልካቹ ባልደረባውን ላለማስቀየም ሲል «ሁሉም መልካም ነው» ብሎ ያልፋል፣ ወይም ደግሞ እርማቱ ከሥራው አልፎ ወደ ሰውየው ጠባይ ይሻገርና ቅሬታን ያስከትላል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ተማሪው ነው።

የእርስ በርስ እርማት የዕለት ተዕለት ሥራ የሆነበት አንድ የሙያ መስክ አለ፤ እርሱም የኮምፒዩተር መሣሪያዎችን የሚያንቀሳቅሱ ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች ዝግጅት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሠራር ምን እንደሆነ፣ በምን ደረጃዎች እንደሚያልፍ፣ በታሪኩ ውስጥ የገጠመው ችግር ምን እንደነበረና ከዚህም ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ማብራራት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ጭሮና የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ከተሞች ናቸው። ጭሮ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ሒርና በዚሁ ጎዳና ላይ ስትሆን፣ በዴሳ፣ ገለምሶና መቻራ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብለው የሚገኙ ናቸው። ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ለሚገኝ ትምህርት ቤት አንድ የማተሚያ መሣሪያ ሥራ ቢያቆም ባለሙያ ማስመጣት ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል። ስለዚህም ጉዳዩ ለእነዚህ ከተሞች የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

1. አንቀሳቃሽ ፕሮግራም ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ብቻውን ማተሚያን፣ የድምፅ ማጉያን፣ ወይም የኔትወርክ ካርድን ማዘዝ አይችልም። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚሠራበት የራሱ የትእዛዝ ሥርዓት አለው። በሥርዓተ ክወናው (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) እና በመሣሪያው መካከል ሆኖ እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግለው ፕሮግራም አንቀሳቃሽ ፕሮግራም፣ በተለምዶም ድራይቨር ይባላል። አስተርጓሚው ከሌለ መሣሪያው ጤነኛ ቢሆንም እንኳ እንደተበላሸ ይቆጠራል። በየትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ «የማይሠራ» ተብለው ከሚቀመጡ ዕቃዎች መካከል ጉድለታቸው የአንቀሳቃሽ ፕሮግራም ማጣት ብቻ የሆነ ሊገኙ ይችላሉ።

አንቀሳቃሽ ፕሮግራም ከሌሎች ፕሮግራሞች የሚለይበት ጠባይ አለው። የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሲሳሳት የሚዘጋው ራሱ ብቻ ነው። አንቀሳቃሽ ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከርነል በሚባለው በሥርዓተ ክወናው እምብርት ውስጥ በሙሉ ሥልጣን ስለሚሠራ፣ በአንድ መስመር ላይ የሚፈጠር ስሕተት መላውን ኮምፒዩተር ሊያቆም፣ የተከማቸ ጽሑፍን ሊያጠፋ፣ ወይም ለሰርጎ ገቦች በር ሊከፍት ይችላል። የምርመራው ጥብቅነት ምክንያት ይህ ነው።

ክፍት ምንጭ የሚባለው ደግሞ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ምንጭ ኮድ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያከፋፍለው በሕጋዊ ፈቃድ የተለቀቀ ሲሆን ነው። የዚህ አሠራር ታላቁ ምሳሌ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባሉት የፊንላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1991 በሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ የጀመሩት ሊኑክስ ነው። ከሊኑክስ ከርነል ምንጭ ኮድ ከግማሽ የሚበልጠው የአንቀሳቃሽ ፕሮግራሞች ኮድ ነው። አንድ የንግድ ድርጅት ለአሮጌ መሣሪያ የሚሰጠውን ድጋፍ ባቆመ ጊዜ፣ ምንጭ ኮዱ ክፍት ከሆነ ሌሎች ሰዎች ሥራውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ነፃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ስላበቃ፣ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላሏቸው ትምህርት ቤቶች ይህ ልዩነት ተግባራዊ ትርጉም አለው።

2. አንድ ማስተካከያ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

በሊኑክስ ከርነል ላይ ለውጥ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ለውጡን «ፓች» በሚባል አነስተኛ የማስተካከያ ጽሑፍ ያቀርባል። ደንቡ አንድ ማስተካከያ አንድ ጉዳይ ብቻ እንዲይዝ ያዛል። ብዙ ጉዳዮች በአንድነት ከቀረቡ መርማሪው የትኛው ለውጥ የትኛውን ውጤት እንዳመጣ ለይቶ ማወቅ ይቸገራልና። ከኮዱ ጋር ምን እንደተለወጠ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተለወጠ የሚያስረዳ መግለጫ መያያዝ አለበት።

ማስተካከያው የሚላከው ለዚያ ክፍል ኃላፊ ነው። የየክፍሉ ኃላፊዎች ስም ከምንጭ ኮዱ ጋር በአንድ መዝገብ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ለማን እንደሚቀርብ ማንም ጀማሪ ሊያውቅ ይችላል። ሰው ከማየቱ በፊት አጻጻፉ ደንቡን መጠበቁን የሚያጣራ ልዩ ፕሮግራም አለ። በዚህ ምክንያት ስለ ክፍት ቦታና ስለ መስመር አሰላለፍ የሚነሣው ጥቃቅን ነቀፋ ለመሣሪያ ተትቶ፣ ሰው የሰው አስተያየት በሚያሻው ቁም ነገር ላይ ያተኩራል።

ከዚህ በኋላ መርማሪዎች ኮዱን መስመር በመስመር እያነበቡ ከየመስመሩ ሥር አስተያየታቸውን ይጽፋሉ። አዘጋጁም ለእያንዳንዱ አስተያየት ወይ ያርማል፣ ወይም ያላረመበትን ምክንያት ያስረዳል። ከዚያም ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አንዳንዴም አሥረኛውን እትም ያቀርባል። በዚህ ሥርዓት የብዙ እትሞች መቅረብ እንደ ውርደት አይታይም፤ የተለመደ የሥራ ሒደት ነው።

የተሳታፊዎቹ ድርሻ በማስተካከያው ግርጌ በስማቸው ይመዘገባል። አዘጋጁ ሥራውን የማቅረብ መብት እንዳለው የሚያረጋግጠው የፊርማ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 ተደንግጓል። ከእርሱም ሌላ «መረመረው»፣ «ፈተሸው»፣ «ችግሩን አመለከተ» የሚሉ ምስክርነቶች አሉ። ይኸውም ኮድ የጻፈው ብቻ ሳይሆን ያነበበው፣ በእጁ ባለው መሣሪያ የሞከረውና ስሕተቱን ያገኘው ሁሉ በታሪኩ ውስጥ ስሙ ይኖራል ማለት ነው። አዲስ የከርነል እትም ከ9 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። አዳዲስ ለውጦች የሚገቡት በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ጊዜ ስሕተትን ለመልቀም የተመደበ ነው።

ገና ላልበሰሉ አንቀሳቃሽ ፕሮግራሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 «ስቴጂንግ» የተባለ የመቆያ ክፍል ተቋቁሟል። በዚያ የሚገኝ ፕሮግራም ምን እንደሚቀረው ተዘርዝሮ ስለሚቀመጥ፣ ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ሥራቸውን ያቀረቡት በዚሁ ክፍል ነው። ፍጹም ያልሆነን ሥራ ከመጣል ይልቅ ጉድለቱን በግልጽ ጽፎ፣ እስኪሻሻል ድረስ ቦታ መስጠት የዚህ ክፍል ሐሳብ ነው።

3. ክብር የጎደለው እርማት ያስከተለው ጉዳት

ከላይ የተገለጸው ሥርዓት በጽሑፍ ሲታይ የተስተካከለ ቢመስልም፣ በሰዎች መካከል ያለው አነጋገር ለብዙ ዓመታት የከረረ ነበር። ቶርቫልድስ ራሳቸው ጉድለት ያገኙባቸውን ኃላፊዎች በአደባባይ በስድብ ቃል መናገራቸው የታወቀ ነበር። ሴጅ ሻርፕ የተባሉት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2009 በሊኑክስ ውስጥ የገባውን የዩኤስቢ 3.0 አንቀሳቃሽ ፕሮግራም የጻፉ ሲሆኑ፣ በ2013 ይህ አነጋገር እንዲቆም በይፋ ጠየቁ። ቶርቫልድስ ግን የማስመሰል ትሕትና አያስፈልግም በሚል መንፈስ ተከራከሩ። ሻርፕም በ2015 የአነጋገሩን ጠባይ ምክንያት አድርገው ከከርነል ሥራ መሰናበታቸውን ገለጹ። የዓለም ኮምፒዩተሮች የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ያንቀሳቀሰ እጅ ከሥራው የወጣው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በአነጋገር ክረት ነው።

በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ቶርቫልድስ ስለ ቀድሞ አነጋገራቸው በይፋ ይቅርታ ጠይቀው ለአጭር ጊዜ ከሥራ ተለዩ፤ በጥቅምትም ተመለሱ። በዚያው ወቅት ከርነሉ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። ደንቡ በወጣ ጊዜ የምርመራው ጥራት ይዳከማል ብለው የሠጉ ነበሩ። ነገር ግን ደንቡ የሚገድበው በሰው ላይ የሚሰነዘረውን ቃል እንጂ በኮድ ላይ የሚቀርበውን ነቀፋ አይደለም። ከዚያ በኋላም ያልበሰለ ማስተካከያ እንደ ቀድሞው ሳይገባ ይመለሳል።

የክብር ጉድለት ከስድብ ሌላም መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 «ኤክስ ዚ» በተባለ የመረጃ ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ የሰርጎ ገብ በር ተገኘ። ፕሮግራሙ የመሣሪያ አንቀሳቃሽ ባይሆንም በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ ይገኛል። ተንኮሉ የተጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር መግባት በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን ተመልክተው ምክንያቱን በመፈለጋቸው ነው። ወደ ኋላ ሲጣራ፣ ፕሮግራሙን ለዓመታት ያለ ክፍያ ይጠብቅ የነበረው አንድ ሰው ባልታወቁ ሰዎች «ለምን ትዘገያለህ?» እየተባለ መጨነቁና በመጨረሻም ኃላፊነቱን ለማይታወቅ «ረዳት» ማካፈሉ ታወቀ። መርማሪን ማዋከብ ምርመራውን እንደሚያዳክም ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

4. ክብር ማለት ልል መሆን አይደለም

በአንጻሩ ደግሞ በመተማመን ስም ጥብቅነትን መተው አደገኛ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መርማሪዎቹ ስሕተት ያገኙ እንደሆነ ለመፈተን ሲሉ ሆን ተብሎ ጉድለት የተደረገባቸው ማስተካከያዎችን ሳያሳውቁ ለከርነሉ አቅርበው ነበር። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ከፍተኛ ቁጣ አስነሣ፤ ከከርነሉ ታላላቅ ኃላፊዎች አንዱ የሆኑት ግሬግ ክሮህ ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ሥራ እንዳይገባ አገዱ፤ ቀደም ሲል የገቡትም እንደገና ተመረመሩ። ጥናቱም እንዲነሣ ተደረገ። የመርማሪዎቹ ቅሬታ በሥራቸው መፈተናቸው ሳይሆን፣ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የሙከራ ዕቃ መደረጋቸው ነበር።

ከእነዚህ ድርጊቶች የሚወጣው መሠረታዊ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ምርመራ ሁለት ምሰሶዎች አሉት፤ አንደኛው ሥራውን ያለ ርኅራኄ መመርመር፣ ሁለተኛው ሠራተኛውን በክብር መያዝ ነው። የመጀመሪያው ሲጎድል ስሕተት ያልፋል፤ ሁለተኛው ሲጎድል ደግሞ ሠሪው ይሸሻል፣ ወይም ስሕተቱን መደበቅ ይማራል።

5. የኢትዮጵያ ተሞክሮ

በኢትዮጵያ ለዚህ ቅርብ የሆነው ተሞክሮ የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት መንገድ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም አዘጋጅ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ሁሉም ለብቻው ሠራ፤ የማንም ሥራ ለሌላው አላገለገለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የጋራ ቁጥር ሲያገኝ ግን ይህ ችግር መቃለል ጀመረ። በ2005ና ከዚያም በኋላ ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል። ዛሬ ምንጭ ኮዱ ክፍት በሆነው «ኪይማን» ውስጥ የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ይገኛል። በዚያ የሚቀርቡ የልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሰሌዳዎችም ከመሰራጨታቸው በፊት በሌሎች ይመረመራሉ።

በምዕራብ ሐረርጌ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በዋናነት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ ለዞኑ መምህራን የሚታይ ሌላ ምሳሌም አለ። በቁቤ አጻጻፍ «ሁድሃ» የሚባለው ጭረት የቃሉ አካል ነው። አንዳንድ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ግን ይህን ጭረት እንደ ጥቅስ ምልክት ስለሚቆጥሩት ቃሉን ለሁለት ይከፍሉታል። ስሕተቱን ከሩቅ ያለ መሐንዲስ ሊያገኘው አይችልም። ሊያገኘው የሚችለው ፈተና ሲያዘጋጅ የገጠመው የገለምሶ ወይም የሒርና መምህር ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው «ችግሩን አመለከተ» በሚለው ድርሻ ካልተሳተፈ ጉድለቱ ሳይታረም ይኖራል።

6. ከፕሮግራም ምርመራ ወደ ክፍል ምልከታ

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የሰውን ሥራ በጋራ መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «ሂስና ግለ ሂስ»፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ «ግምገማ» በመባል ሲሠራበት ቆይቷል። ይሁን እንጂ በብዙ ስብሰባዎች የሚመዘነው ሥራው ሳይሆን ሰውየው፣ አቋሙና ታማኝነቱ ስለነበረ፣ «ግምገማ» የሚለው ቃል ራሱ በብዙ መምህራን ጆሮ የክስ ድምፅ አለው። ዛሬ አንድ ባልደረባ ማስታወሻ ይዞ ወደ ክፍል ሲገባ የሚፈጠረው ጭንቀት አንዱ ምንጩ ይህ ትዝታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መምሪያ መምህራን በዓመት 60 ሰዓት ለሙያቸው መሻሻል እንዲያውሉ ይጠይቃል። የእርስ በርስ የክፍል ምልከታም ከዘዴዎቹ አንዱ ነው። አዲስ መምህርም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አማካሪ እንዲኖረው ተደርጓል። ሥርዓቱ ስላለ፣ የሚቀረው የአፈጻጸሙ መንፈስ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ መመልከት ይቻላል።

አንድ ተመልካች «እርስዎ ተማሪ ማሳተፍ አይችሉም» ቢል የተናገረው ስለ ሰው ነው፤ መልሱም መከላከል ብቻ ይሆናል። «ስለ ክፍልፋይ ከቀረቡት ስድስት ጥያቄዎች አምስቱን የመለሱት ከፊት ረድፍ የተቀመጡ ተማሪዎች ናቸው፤ ከኋላ ላሉት ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት ጥቂት የማሰቢያ ጊዜ ቢሰጣቸው ምን ይመስልዎታል?» ቢል ግን የተናገረው ስለ ሥራው ነው። ሁለተኛው አነጋገር ከመጀመሪያው የለዘበ መስሎ ቢታይም በእርግጥ የበለጠ ጥብቅ ነው፤ ምክንያቱም በቁጥር የተደገፈ ስለሆነ ሊካድ አይችልም፤ በሚቀጥለውም ክፍለ ጊዜ ተመልሶ ሊፈተሽ ይችላል።

እንዲህ ያለው ምክክር ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በዞኑ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም የገዳ ሥርዓት ጉባኤ ቦታ ሲሆን፣ በጭሮ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲም ስሙን ከዚሁ ወስዷል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ገበሬዎች በ«ጉዛ» ተሰባስበው የአንዱን ማሳ ሲያርሱም፣ የማሳው ባለቤት ነገ የሌላው ማሳ አራሽ ነው። የዛሬው መርማሪ የነገ ተመርማሪ መሆኑ በፕሮግራም አዘጋጆችም ዘንድ ልክን የሚያስጠብቅ ነገር ነው።

7. በሥራ ላይ ሊውሉ የሚችሉ ሐሳቦች

ለመምህራን፦

ሀ) የምልከታው ጉዳይ አስቀድሞ በስምምነት ይወሰን፤ በአንድ ምልከታ አንድ ጉዳይ ብቻ ይታይ።
ለ) አስተያየቱ በታየ ነገር ላይ ይመሥረት፤ የታየውም ነገር በትክክል ይጻፍ።
ሐ) የትምህርት ዕቅዱ የታረመው ሁለተኛና ሦስተኛ እትም ይቀመጥ፤ ያዘጋጀው፣ የመረመረውና በክፍል የሞከረው ሁሉ ስማቸው በግርጌው ይመዝገብ።
መ) ተመልካቹ በተራው ይታይ።

ለትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ኃላፊዎች፦ አንድ መሣሪያ በክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና ሳይሠራ ሲቀር «ተበላሽቷል» ከማለት በፊት መለያ ቁጥሩ ይታይ። የዩኤስቢ መሣሪያዎች በሁለት የተከፈለ ባለ ስምንት ምልክት መለያ አላቸው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት አምራቹን፣ የኋለኞቹ አራት የመሣሪያውን ዓይነት ያመለክታሉ። አንዳንድ ጊዜ መሣሪያውን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ይህን መለያ በነባሩ አንቀሳቃሽ ፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ መጨመር ብቻ ነው። የሚላከው ሪፖርት መለያውን፣ የከርነሉን እትም፣ ምን እንደተሞከረና ምን ውጤት እንደታየ ሊይዝ ይገባል። ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰውም በዚህ መንገድ የሥራው ተካፋይ ይሆናል።

ለዕቅድ አውጪዎች፦ ምርመራ ጊዜ የሚወስድ ሥራ መሆኑ ታውቆ በክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ ይታሰብ። ለሙያ መሻሻል የሚደረገው ምልከታ ለደረጃ ዕድገትና ለቅጣት ከሚደረገው ምዘና ተለይቶ ይያዝ። ሁለቱ ከተደባለቁ መምህሩ ጉድለቱን ከማሳየት ይልቅ መሸፈንን ይመርጣል። በጉድኝት ማዕከላትም ጭሮ ለገጠሩ ብቻ መካሪ ሳትሆን፣ ከመቻራ ወይም ከበዴሳ የሚመጣው መምህር የከተማውን ትምህርት ቤት ሥራ የሚመረምርበት መንገድ ይመቻች።

ማጠቃለያ

በዓለም ዙሪያ የተበታተኑ፣ ብዙዎቹም ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በጋራ የሚሠሩት አንቀሳቃሽ ፕሮግራም ጸንቶ የቆመው ስሕተት የማይሠሩ ሰዎች ስለተሰበሰቡ አይደለም። ስሕተት የሚገኝበት፣ የሚነገርበትና የሚታረምበት የታወቀ መንገድ ስላለ ነው። መንገዱን ለማቅናት ግን ከ25 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በዚያ መካከልም ጠቃሚ ሰዎችን አሳጥቷል። የምዕራብ ሐረርጌ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ኪሳራ መድገም አይኖርባቸውም። ባልደረባው የሚነግረውን ጉድለት ያለ ፍርሃት የሚሰማ መምህር፣ ተማሪው ሲሳሳት እንዴት እንደሚያርመውም ከዚሁ ይማራል።